መርዶ በሄሊኮፕተር

እኔ የሄድሁበት አገር እናንተ እንደማትሄዱ አውቃለሁ፤ እኔም ብሆን ሁለተኛ አልሄድም። በፎቃችን ያላችሁ ሴቶች ልብስ ማጠቢያው ክፍል ባገኛችሁኝ ቁጥር «እማማ ዘሃራ፣ እንዴት ነበር?» ትሉኛላችሁ፤ ጀምሬ ሳልጨርስ ማድረቂያው ይጮሃል። ስለዚህ ተቀምጬ ጻፍሁት። ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደል የለየሁት ሐይቅ ሳለን፣ ልጆቼ ሲያጠኑ አጠገባቸው ሽንኩርት እየላጥሁ ነው። የተሳሳተ ነገር ካገኛችሁ ከሽንኩርቱ ነው በሉት።

ነገሩን ታውቁታላችሁ። የልጆቼ አባት፣ አላህ ይዘንለትና፣ ባለፈው ክረምት ሲለየን ታናሹ ልጄ ሰይድ ከዓለም ጫፍ ነበር። እዚሁ አሜሪካ፣ አሌክሳንድርያ መኪና ሲጠግን የኖረው ልጅ አሁን አንታርክቲካ በሚባል የበረዶ አገር፣ ሳይንቲስቶች በሚኖሩበት ጣቢያ ጄኔሬተር ይጠግናል። የእነሱ ክረምት ከእኛ አገር ክረምት ጋር አብሮ ይገባል፤ ከገባ በኋላ መርከብ የለም፣ አውሮፕላን የለም፣ ፀሐይም የለችም። እንዲህ ባለ ጨለማ ውስጥ ላለ ልጅ በስልክ «አባትህ ሞቷል» ይባላል? መርዶ በጠዋት፣ ሰው ተሰብስቦ፣ ፊት ለፊት ነው የሚነገረው። ከተነገረውም በኋላ ሐዘንተኛው ብቻውን አይተውም። ስለዚህ ደበቅነው። እናንተም ፌስቡክ ላይ እንዳታወጡት ቃል ገባችሁልኝ። አመሰግናለሁ። ግን አንድ በአንድ እጠረጥራችሁ ነበር፤ አውፍ በሉኝ።

ሰይድ ሲደውል «አባዬስ?» ይላል። «ተኝቷል» እንለዋለን። ሌላ ቀን «መስጊድ ሄዷል» እንለዋለን። ኋላ ግን መጠየቁን ተወ። የኔን እንቅልፍ የነሳኝ ይኸ ነው። ሰው አባቱን መጠየቅ የሚተወው ወይ ሲረሳ ነው፣ ወይ ሲያውቅ። ሰይድ ደግሞ አይረሳም። ይባስ ብሎ ሌላ ክረምት ሊከርም ኮንትራቱን አራዘመ። በበጋቸው ቀለብና ነዳጅ ይዛ የምትሄደዋ መርከብ ካመለጠችኝ፣ ሌላ ዓመት ሙሉ እየዋሸን ልናናግረው ነው።

መርከቧ ለመንገደኛ ጥቂት አልጋ እንዳላት ያወቀችው የልጅ ልጄ ሐያት ናት። ሐያት ነርስ ናት፤ እዚሁ ተወልዳ ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በእንግሊዝኛ ታወራለች። ኢዳዬን፣ የባል ሐዘን ጊዜዬን፣ ጨርሼ ከቤት መውጣት እንደተፈቀደልኝ፣ «እማማ፣ ሁለት ቲኬት ቡክ አድርጌያለሁ፤ ለእናቴ እንዳይነግሩ» አለችኝ። እናቷ ልጄ ፋጡማ ናት፤ አብሬያት የምኖረው። እኔም አልነገርኋትም፤ ፋጡማ ግን ሻንጣዬ ውስጥ የሱፍ ካልሲ ስታይ ገባት።

እሑድ ከሲልቨር ስፕሪንግ ወደ አሌክሳንድርያ፣ ወደ ሐያት ቤት፣ ራሷ ፋጡማ ነድታ ወሰደችን። ቤልትዌይ በሚሉት አውራ ጎዳና ላይ መኪናው ቆሟል፤ እሷ ግን ምላሷ አልቆመም።

«እማ፣ እግርሽ ድሮም አንድ ቦታ አይረጋም። ደሴ አልበቃሽም፣ አሰብ አልበቃሽም፣ ጅዳ አልበቃሽም። አሁን ደግሞ በረዶ? ኮል አድርገን ብንነግረውስ?»

«መርዶ በኮል የት አገር ነው?»

«እዚህ አገር ነዋ!»

«እንግዲያው እዚሁ አገር ይቅር።»

ከኋላ ሐያት ሳቀች። ፋጡማም ሳቀች፤ ከዚያ ዓይኗን በሻሿ ጠረገች። ለሰይድ ድርቆሽ፣ ቋንጣና በሶ ይዤለታለሁ። ከሁሉ በላይ ግን ፌጦ። አባቱ ከዊተን ገበያ ገዝቶ በጠርሙስ ያስቀመጣት ፌጦ ናት፤ ሆዱን በቆረጠው ቁጥር ይወስዳል፣ ለሰይድም በሕፃንነቱ እየወቀጠ ያጠጣው ነበር። የቀረችውን በነጠላዬ ጫፍ ቋጠርኋት። ሻንጣ ይጠፋል፤ ነጠላ ከትከሻዬ አይጠፋም።

ሰኞ ክሪስታል ሲቲ አጠገብ ካለው ኤርፖርት ተነሳን። በሶዬን ከፍተው እንደ ባሩድ አሸተቱት። አንዱ በጓንት ጣቱ ነክቶ ለሌላው ያሳየዋል። «ቅመሱት በያቸው» አልኋት ሐያትን። «እማማ፣ ፕሊስ ዝም ይበሉ» አለችኝ። አልቀመሱትም፤ ግን ቀንሰው ወስደዋል ብዬ እስካሁን እጠረጥራለሁ። ከማያሚ አልፈን፣ አውሮፕላን ላይ አድረን፣ ማክሰኞ ቺሊ የሚባለው አገር ጭራው ላይ ደረስን። ነፋሱ ጉድ ነው። የደሴ ነፋስ ከጦሳ ተራራ ሲወርድ ሻሽ ይወስዳል፤ ይኸኛው ሰውዬውን ከነሻሹ ይወስዳል።

ያረፍንበት ቤት ባለቤት ወፍራም አሮጊት ናት፤ ቋንቋ አንግባባም። እጄን ነክታ በረዶ መሆኑን አየች፤ ሄዳ ቀይ የጎማ ከረጢት አምጥታ ብርድ ልብሴ ሥር ከተተችብኝ። ምን ይሆን ብዬ ፈርቼ አወጣሁት። መልሳ ከተተችው። አወጣሁት። ሐያት መጥታ «ሙቅ ውኃ ነው እኮ!» እስክትለኝ ድረስ ሴትዮዋና እኔ ስንሟገት ቆየን። እግሬ ሲሞቅ አፈርሁ። ጠዋት እንቁላል ስትቀቅልልኝ እጇን ሳምሁት፤ እሷም የኔን ሳመች፤ ተስማማን።

ረቡዕ ወደ መርከቧ። ከሩቅ ቀይ ፎቅ ትመስላለች። ጀርባዋ ላይ ሄሊኮፕተሯ ክንፏን አጥፋ ተቀምጣለች። የሚጫነው ነገር አያልቅም፤ የነዳጅ በርሜል፣ ዱቄት፣ ድንች፣ ሽንኩርት፣ ጋዝ፣ የሳይንቲስቶቹ ሣጥን። መርከቧ እስከ ጣቢያው መጠጋት አትችልም አሉኝ፤ በረዶው አያስቀርባትም። ከዚያ ወዲያ ሄሊኮፕተሯ ዕቃውን በመረብ አንጠልጥላ እያመላለሰች ነው የምታደርሰው።

ባለሚዛኑን ያገኘሁት መግቢያው ላይ ነው። ቀይ ጺም ያለው፣ በር የሚሞላ ሰው። ሄሊኮፕተሯ ልኳን እንዳታልፍ የሚነሳው ሁሉ በእሱ ሚዛን ያልፋል፣ ሰውም ጭምር። እኔን ሚዛኑ ላይ አቁሞ አየኝ፣ ቁጥሩን አየ፣ እንደገና አየኝ።

«ምን አለ?» አልሁ።

«ከአንድ ከረጢት ሽንኩርት ብዙም አይበልጡም ይላል» አለች ሐያት።

ሰውየው ሳቀ፤ ሳቁ አላስደሰተኝም። ቀጥሎ ጫማችንን በብሩሽ አስፈገፈጉን፤ ኪስና ሻንጣችንን ደግሞ በምንጣፍ መጥረጊያ ማሽን መጠጡ። በዚያ አገር በረዶ ላይ የሌላ አገር ዘር እንዳይበቅል ነው አሉ። በረዶ ላይ ምን ይበቅላል? ባለሚዛኑ የነጠላዬን ቋጠሮ አየና እጁን ዘረጋ። ፈታሁለት። ፌጦዋን በላስቲክ አሽጎ፣ አንድ ነገር ጽፎበት፣ ቁምሣጥን ውስጥ ቆለፈባት። ለምኜው ነበር። «ሲመለሱ እሰጣለሁ ይላል» አለችኝ ሐያት። ሰው የወሰደውን ሁሉ ይመልሳል ማለት አይደለም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰውየውን በዓይኔ ያዝሁት።

ሐሙስ ባሕሩ ተነሳ። እኔ ከአሰብ ጅዳ በጀልባ የተሻገርሁ ሴት ነኝ፤ ይኸ ግን ሌላ ነው። ሳህኑ ከጠረጴዛው ጫፍ ወደ ጫፍ ይሄዳል፣ ሰውም እንደ ሳህኑ። ነርሷ ሐያት ተኝታ ታቃስታለች፤ አሮጊቷ እኔ ደረቅ ዳቦ እየቆረስሁ አጎርሳታለሁ። ወጥ ቤቱ ሥጋ እንደማልበላ አይቶ ነበር፤ ማን እንዳረደው አላውቅማ። ወደ ማታ አዲስ መጥበሻ ከነማሸጊያው ይዞ መጥቶ አሳየኝ፤ በኔ ፊት ከፈተው፣ በኔ ፊት እንቁላል ጠበሰበት። ዘይቱንስ? ብዬ ደግሞ የዘይቱን ጠርሙስ አስመጣሁት። አልተቆጣም።

ዓርብ ነገሩ ሁሉ ተበላሸ። ጠዋት ባለሚዛኑ ከግድግዳዬ ላይ በወረቀት የተሠራ ቀስት ለጠፈ። ሐያት ቂብላ፣ የመካ አቅጣጫ፣ ወዴት እንደሆነ ጠይቃው፣ ከመርከቧ መሣሪያ አይቶ ነው። መርከቧ በዞረች ቁጥር እየመጣ ቀስቱን ያዞረዋል። ወደ ማን እያሰገደኝ እንደሆነ አላህ ይወቅ አልሁ በሆዴ። ከዚያ እዚያው በሩ ላይ ቆሞ እጁን ደረቱ ላይ አደረገና ረጋ ብሎ አንድ ነገር ተናገረኝ። ፊቱን ሳየው ደነገጥሁ። የለቀስተኛ ፊት ነው።

«ምንድን ነው የሚለው?»

ሐያት መሬት መሬት አየች። «ሶሪ ነው የሚለው፤ ስለ አባባ። ነገርኩት።»

«ነገርሽው? ለዚህ ሰውዬ?»

«እማማ፣ ለምን እንደምንሄድ ጠየቀኝ፤ መዋሸት አልቻልኩም።»

ያ ሰውዬ ጠዋትና ማታ በሬዲዮ ከጣቢያው ጋር የሚያወራው እሱ ነው! ምን ስንት ኪሎ እንደሚመጣ ያነብላቸዋል። ሬዲዮው ሲከፈት ጣቢያው በሙሉ ይሰማል፤ ሰይድም አለበት። ደግሞ የዚህ አገር ሰው ሐዘን ሲሰማ ወዲያው «ሶሪ» ማለት ደግነት ይመስለዋል። ከአፉ አንድ ቃል ብታመልጠው ልጄ መርዶውን ከሳጥን ውስጥ ሊሰማው ነው።

ስለዚህ ጠባቂ ሆንሁ። ሬዲዮ ክፍሉ በር ላይ፣ ኮሪደሩ ወለል ላይ መቁጠሪያ መስበሓዬን ይዤ ተቀመጥሁ። እንግሊዝኛ አላውቅም፤ «ሰይድ» የሚለውን ግን በየትኛውም ቋንቋ አውቀዋለሁ። ባለሚዛኑ ሲወጣ አየኝ፤ ተመልሶ ገባና የራሱን ወንበር አወጣልኝ። ባለብረት እግር፣ ሰማያዊ ትራስ ያለው ወንበር ነው። ተቀመጥሁ፤ ግን አላመሰገንሁም። ቅዳሜም እዚያው ዋልሁ። ብርድ ልብስ ጨመረልኝ። ሻይ ጨመረልኝ። ሊገዛኝ የፈለገ ነው የመሰለኝ።

ቅዳሜ ማታ ከውስጥ «ሰይድ» የሚል ሰማሁ፤ ቀጥሎ ሳቅ። ዘልዬ በሩን ከፈትሁት። ባለሚዛኑ ደንግጦ ሬዲዮውን በእጁ ከለለ። ሐያት በሩጫ መጣች።

«ሰይድ ያዘዘው የጄኔሬተር ቺንጋ መጥቷል ወይ ብሎ በየቀኑ ይጠይቃል እያሉ ነው የሚስቁት፤ ጆክ ነው። ደግሞ እማማ፣ አንድ ፕሮብለም አለ። ሰው በሄሊኮፕተር ከመሄዱ በፊት ስሙ በሬዲዮ ይነበባል ይላል። ሕግ ነው።»

«ዘሃራ ተብሎ ከተነበበ ሰይድ አወቀ ማለት ነው። እናቱ እስከዚህ በባዶ እጇ አትመጣም።»

ሐያት አስረዳችው። ወደ ካፒቴኑ ሄደ፣ ተመለሰ። ስማችንን በወረቀት ይዞ ወርዶ ለጣቢያው አለቃ በእጁ ሊሰጥ ተፈቀደለት፤ በሬዲዮ ክብደት ብቻ ሊያነብ። ሚዛኑን እያመለከተኝ «አንድ ከረጢት ሽንኩርት» ብሎ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ነገ እናያለን አልሁ።

በዚያ ሰሞን እዚያ ፀሐይ አትጠልቅም። የንጋቱን ሶላት፣ ሱብሒን፣ በሰዓት ነው የሰገድሁት፤ ቀስቱን አምኜ። ሶላቴን በሰላምታ ጨርሼ ስነሳ በሬ ተንኳኳ። ከፈትሁ። ባለሚዛኑ፣ ወጥ ቤቱና ሄሊኮፕተሯን የምትነዳው ሴት፣ ሦስቱም ቆባቸውን አውልቀው፣ ድምፅ ሳያሰሙ ቆመዋል።

«ልጄን! ሰይዴን!» ብዬ ደረቴን እየመታሁ ወለሉ ላይ ወደቅሁ።

ሐያት ከላይኛው አልጋ ዘለለች። «እማማ! ምን ሆኑ?»

«አታዪያቸውም እንዴ! በጠዋት፣ ሦስት ሆነው፣ ቆባቸውን አውልቀው! መርዶ ይዘው ነው! እነሱም ሲደብቁኝ ነው የከረሙት!»

ሐያት ብትጠይቃቸው ሦስቱም ግራ ገባቸው። ነፋሱ ስለቆመ መጀመሪያ የምሄደው እኔ እንደሆንሁ ሊነግሩኝ ነው የመጡት። ወጥ ቤቱ ለመንገድ እንቁላል ይዟል። ስሰግድ ሰምተው እስክጨርስ ዝም ብለው ጠበቁ፤ ቆቡንም ያወለቁት ለሶላቴ ነው። ሰይድ ደህና ነው። አልሐምዱሊላህ። ሐያት መርዶ በኛ ዘንድ እንዴት እንደሚነገር ስትነግራቸው አብራሪዋ አፏን በእጇ ያዘች። ባለሚዛኑ ቆቡን አገላበጠ። ከዚያ አንድ ነገር ጠየቀ።

«ስንት ሰው መሆን አለበት ይላል» አለች ሐያት።

«ምኑ?»

«ለሰይድ ሲነገር።»

እንዲህ ያለ ነገር ይጠይቃል ብዬ አልጠበቅሁም። «የቻለ ሁሉ በይው» አልሁ።

ስለ ሄሊኮፕተር ብዙ አልላችሁም። ጆሮዬን ሸፍነውት፣ ዓይኔን ራሴ ሸፍኜው ነው የሄድሁት። አንዴ ብገልጠው ከታች ነጭ ብቻ ነው፤ እንደ ሐይቅ ጭጋግ ጠዋት፣ ከሥሩ ግን ሐይቅ የለውም። ያረፍነው ጥቂት ቀያይ ቤቶች አጠገብ ነው። አብራሪዋ ሞተሩን አጠፋች፤ በሌላ ቀን አታጠፋውም አሉኝ፤ ሞተሩ እየዞረ ነው የምትመለሰው። ባለሚዛኑ ቆቡን አወለቀ። እሷም አወለቀች። አራታችንም ሐያትን ጨምሮ ጎን ለጎን ቆምን። አራት ሰው ለኛ ምንም አይደለም፤ እዚያ ግን ሕዝብ ነው።

ሰይድ የበረዶ ጋሪ እየጎተተ ሽንኩርቱን ሊቀበል መጣ። መነጽሩን አደረገ፣ አወለቀ። ቆመ። እኔን አየ፤ ከዚያ ቆባቸውን አውልቀው የቆሙትን ሰዎች አንድ በአንድ አየ። ከዚያ አገር ሰው ሁሉ ያ አቋቋም ምን እንደሆነ የሚያውቅ እሱ ብቻ ነው።

«ማን ነው፣ እማ?» አለኝ።

«አባትህ» አልሁት።

ጋሪውን ለቀቀ። በረዶው ላይ ተቀመጠ፤ ራሱን ወደ ቀሚሴ ሳብሁት፤ ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል። «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አልን አብረን። «ጠርጥሬ ነበር» አለኝ ቆይቶ። «መጠየቅ ተውኩ። ሰው መጥቶ እስኪነግረኝ ድረስ አልሞተም ብዬ ያዝኩት፣ እማ።»

ባለሚዛኑ ዙሪያውን አየና አንድ ሣጥን ላይ ተቀመጠ። አብራሪዋ ተቀመጠች። ከቤቶቹ ሰዎች ጓንታቸውን እያጠለቁ ወጡ፤ ሐያት አንድ አንድ ቃል ትነግራቸዋለች፤ ባገኙት ላይ ይቀመጣሉ፤ በርሜል ላይ፣ ጋሪው ላይ፣ በረዶው ላይ። እነዚህ ምሳቸውን እንኳ ቆመው የሚበሉ ሰዎች ናቸው። መርከቧ ትጠብቃለች፣ ነፋሱ ይመለሳል፣ ሥራው ሁሉ ቆሟል። እነሱ ተቀምጠዋል።

ጭነቱ እስኪራገፍ ጣቢያው ውስጥ ከልጄ ጋር ሰነበትሁ። ድርቆሹን አብረን በላን፤ ስለ አባቱ ያላወራነው የለም። «ና ከኔ ጋር እንሂድ» አልሁት። «እኔ ከሄድኩ ማን ያሞቃቸዋል? ሞተሩ ከቆመ ሁሉም ይሞታሉ» አለኝ። ከሐዘኑ ሊሸሽ ነው ብዬ ጠርጥሬዋለሁ። ግን ሞተሩን ሲያዳምጥ አየሁት፤ የታመመ ልጅ ትንፋሽ እንደሚያዳምጥ ሰው ነው። ተውሁት።

ነፋሱ እየመጣ ነው ተባለና ልንመለስ ሆነ። ባለሚዛኑን «እኔ ስሄድ ከሰይድ አጠገብ ማን ይቀመጣል?» ብዬ በሐያት አስጠየቅሁት። ራሱን ነቅንቆ በሄሊኮፕተሯ ሄደ። አየሽ፣ አልሁ ለሐያት፣ እንግዲህ በቃው። በመጨረሻው ምልልስ ሄሊኮፕተሯ መረቧን አንጠልጥላ መጣች። መረቧ ባዶ ትመስላለች። ስትወርድ ከውስጧ አንድ ወንበር ወጣ፤ ባለብረት እግር፣ ሰማያዊ ትራስ ያለው። እያንዳንዱን ድንች የሚመዝነው ሰውዬ ሄሊኮፕተሯን ለአንድ ወንበር ብሎ ላካት። ሰይድ አልጋ አጠገብ አስቀመጡት። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ባለሚዛኑን አመሰገንሁት፤ እሱም በመመለሻው ወደብ ላይ ቁምሣጥኑን ከፍቶ ፌጦዬን ከነማሸጊያዋ ሰጠኝ። የተጻፈባትን ሐያት አነበበችልኝ፤ «የዘሃራ» ይላል።

አሁን ሲልቨር ስፕሪንግ ነኝ። ሰይድ ሲደውል «ዛሬ ማን ተቀመጠ?» እለዋለሁ። አንድ ቀን የጣቢያውን ሐኪም ስም ይጠራል፣ አንድ ቀን የጣቢያውን ወጥ ቤት። ባለፈው ሳምንት ግን ቶሎ ቶሎ ሲመልስልኝ ጠረጠርሁ። እኛም አባቱን ተኝቷል ስንለው ቶሎ ቶሎ ነበር የምንመልስለት።

«ወንበሩን በፎቶ ላክልኝ» አልሁት። «አሁኑኑ፣ ሳትነካው።»

«እማ፣ ወንበር እኮ ነው።»

«ላክ ብዬሃለሁ።»

ላከ። ሰው የለበትም። ሐያት ስልኩን ተቀብላ «ባዶ ነው፣ እማማ» አለችኝ ፈራ ተባ እያለች። መነጽሬን አድርጌ አሰፋሁት። ስንት ለቅሶ ቤት ወንበር ያነሳሁ፣ የደረደርሁ ሴት ነኝ። ሰማያዊው ትራስ መሐሉ ጎድጉዷል፣ አንዱ ጎኑ ገና ቀና ሊል እየታገለ ነው፤ ከእግሩ ሥር የሁለት ሰው ሻይ አለ። ባዶ አይደለም አልኋት። አሁን ነው የተነሱት።